በቀይ የተከበበ ቁጥር

ሐሙስ

ፋይሉ የለም።

«የ» መደርደሪያን ሦስት ጊዜ አገላበጥሁት። የሺእመቤት አለች። የሺወርቅ አለች። የትምወርቅ ሁለት አሉ። የሽሃረግ አላምረው የለችም። ማውጫ መዝገቡ ላይ ግን ቁጭ ብላለች፤ ቁጥር 417፣ ከእኔ በፊት በነበረው ሰው ጽሕፈት፣ ሳትሰረዝ፣ ሳትደለዝ። መዝገቡ አለች ይላል። መደርደሪያው የለችም ይላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።

የፋይሉ ባለቤት ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ነበር። አሮጊት መነኩሴ ናቸው። ቢጫ ቆብ፣ ቢጫ ነጠላ፣ በእጃቸው መቁጠሪያ። ከዲማ ገዳም ነው የመጡት፤ መኪና እንደልብ በማይገኝበት በዚህ ሰሞን ግማሹን መንገድ በእግራቸው። አንድ የድሮ የቦታ ግብር ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ደረሰኙ ላይ ያለውን ስም አየሁ፣ መዝገቡን አየሁ፣ ወደ መደርደሪያው ሄድሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው።

«ተገኘልሽ፣ ልጄ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ እማሆይ፤ ሌላ ቦታ ልየው።»

«ሌላ ቦታም አለው እንዴ?»

የለውም። የማዘጋጃ ቤቱ የይዞታ ፋይል ሁሉ በባለቤቱ ስም ፊደል ነው የሚደረደረው። «የ» ውስጥ ከሌለ የለም።

የሚመጣው ዓርብ «ሰነድ አልባ ይዞታዎች» የሚባለው ዝርዝር በር ላይ ይለጠፋል። መዝገብ ቤት ፋይል ያልተገኘለት ግቢ ሁሉ እዚያ ይገባል። የእማሆይ ግቢ አዲሱ አስፋልት ዳር ነው፤ የእህታቸው ልጅ ከነቤተሰቧ ትኖርበታለች። አንዴ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው ዓመታት ይፈጃል፤ አስፋልት ዳር ያለ መሬት ደግሞ ዓመታት አይጠብቅም። ይህን እኔም አውቃለሁ። በየቀኑ በራችን ላይ የሚቆሙት ደላሎችም ያውቃሉ።

የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ የእኔ። አንዱ አብረውኝ የሚሠሩት የጋሼ ሙሉቀን።

ይህን ጻፍሁና ቆም አልሁ። ለምን እንደጻፍሁት ግን አውቃለሁ።

ዓርብ

ለጋሼ ሙሉቀን ነገርኋቸው። ያደረጉትን በቅደም ተከተል፦

አልደነገጡም።

«የማን?» አሉ። ስሙን ሁለቴ ነግሬያቸው ነበር።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ንጹሕ ነበር።

«ይገኛል» አሉ። እንፈልገው አላሉም። ይገኛል።

አንድ ነገር እንደሚገኝ እርግጠኛ የሚሆነው ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ነው።

ለእሳቸው ፍትሐዊ ልሁን። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ቀይ እስክሪብቶ ሰጥተውኝ፣ ፋይል ውስጥ የሚገባ ወረቀት ሁሉ ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥር ይጻፍበታል፣ ቁጥሩም በቀይ ይከበባል አሉኝ። «ቁጥር የሌለው ወረቀት ከመንጋው የወጣ በግ ነው። ቀማኛ ሲወስደው የሚጮህ የለም።» ከዚያ ወዲህ እጄ ሳላዘው ይከብባል። የልጄን የትምህርት ቤት ደብዳቤ ከብቤ አውቃለሁ። የዕድራችንን ቃለ ጉባኤ ከብቤ ጸሐፊው ስቆብኛል። ይህን ደብተርም ቢሆን። ዛሬ ገጽ 32 ላይ ነኝ፤ በቀይ።

አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። በእናቴ ለቅሶ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ አድረዋል። እንዲህ ያለ ሰው…

ግን ጠረጴዛቸው ውስጥ የሚቆለፍ መሳቢያ አለ። ድሮ አይቆለፍም ነበር። ዛሬ ስገባ አንድ ነገር ከትተው ቆለፉ።

ቅዳሜ

ገበያ ወጣሁ። ጤፍ ላይ፣ በርበሬ ላይ፣ ሰው ላይ፤ ዓይኔ ምንም ላይ አላረፈ።

ከገበያው ማዶ ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጋሼ ሙሉቀን ተቀምጠዋል። ከማን ጋር? ከዚያ ኮፍያውን ከማያወልቀው ደላላ ጋር። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚውለው፣ ሰውን በስሙ ሳይሆን በግቢው የሚጠራው፤ «አንቺ የሦስት መቶ ካሬዋ!» እያለ። ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመዋል። ደላላው ጠረጴዛው ላይ በጣቱ አንድ ነገር ይሥላል። መንገድ ይመስላል። ወይም አጥር።

ጋሼ ሙሉቀን አዩኝ። እጃቸውን አነሡልኝ።

የሚደብቅ ሰው እጁን አያነሣም። ወይም ደግሞ እጁን የሚያነሣው አጥብቆ የሚደብቅ ሰው ነው። ቤቴ እስክደርስ ሁለቱን ስመዝን መጣሁ። በርበሬውን ረሳሁት።

እሑድ

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ቁልፍ ስቆጥር ነበር። ሁለት። ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚመጣልኝ።

ሰኞ

የሥራ መግቢያ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እኔ ልክ በሁለት ደረስሁ። ብቻዬን ላየው የፈለግሁት ነገር ነበር። በሩ ክፍት ነው።

«ምን ነካሽ ዛሬ፣ ዶሮ ቀሰቀሰሽ?» አሉ ጋሼ ሙሉቀን።

«እርስዎንስ?»

«እኔማ አርጅቻለሁ። እንቅልፍ ሌላ ወጣት አግብታ ሄዳለች።»

ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴ ጆሮ እንኳን አልጣመኝም። ይህን ሲሉ አንድ ትንሽ ደብተር ዘግተው ወደ መሳቢያው ከተቱ። ቁልፏ ቀጭ አለች። የሠሩት ነገር ቢኖር ከሁለት ሰዓት በፊት ነው የሠሩት።

ረፋድ ላይ ኃላፊው አስጠሩኝ። ከሌላ ወረዳ ተዛውረው የመጡ ወጣት ናቸው፤ ሰውን በማዕረግ ነው የሚጠሩት፤ ማንንም ገና አያምኑም፤ አልፈርድባቸውም።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ መዝገብ ቤቱ የሁለታችሁ ነው። ፋይሉ እስከ ዓርብ ካልመጣ ‹የለም› ብለው ይፈርሙልኛል።»

«መዝገቡ እኮ አለ ይላል፤ እንዴት ብዬ የለም ልበል?»

«መዝገብ ብቻውን ምን ያደርጋል? እኔ የምፈልገው ሰነዱን ነው።»

«ቢጠፋስ? ቢወሰድስ?»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ማን ይወስደዋል?»

ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ መልስ ሆኖ እንደገባቸው ታወቀኝ። ማን ላይ እንዳነጣጠረ ግን አላውቅም። እሳቸው ዘንድ እኮ ቁልፉ የሁለታችን ነው።

ስወጣ እማሆይ ከዘበኛው ከአያ ደሴ ጋር የቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ። በየቀኑ እየመጡ ነው። አይከሱኝም። አይለምኑኝም። ቢጮኹብኝ በተሻለኝ።

እኔ «የለም» ብዬ ከፈረምሁ እኚህን ሴት ከቤታቸው ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም፤ የእኔ ፊርማ ነው።

ማክሰኞ

በአንድ ሰዓት ተኩል ደረስሁ። ቀደምሁት።

መደርደሪያዎቹን አየሁ። «መ» ላይ ያሉት ፋይሎች ሁሉ ጣት በሚያህል ወደ ፊት ወጥተዋል። «ረ»ም እንዲሁ። «ሰ» ገና እንደተገፋ ነው፤ አቧራው አልተነካም። አንድ ሰው በፊደል ተራ፣ ፋይል በፋይል እየመዘዘ ነው። ምን ፍለጋ? 417ን የወሰደ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል? ምናልባት ሌላ ግቢ። ምናልባት ደላላው ዝርዝር ሰጥቶታል።

ምሳ ሰዓት ላይ የወጣሁ መስዬ ተመለስሁ። መሰላል ላይ ነው። «ሰ» መደርደሪያ።

«ምሳ አይበሉም እንዴ?»

«ጾም ነኝ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ማክሰኞ ነው። ምንም ጾም ያልገባበት ማክሰኞ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ በጾም አልታለልም። ሰው በትልቁ ከመዋሸቱ በፊት በትንሹ ይለማመዳል።

አሁን መለስ ብዬ ሳነብ አየሁት፤ ዛሬ የጻፍሁትን ሁሉ «እሱ» እያልሁ ነው። አንቱታውን የት እንደጣልሁት አላስታውስም።

ረቡዕ

አደረግሁት።

ትናንት ቤቴ ሁለት ገጽ ጻፍሁ። በግራ እጄ። ጽሕፈቴን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋላ። የግራ እጄ ፊደላት እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገዱ፤ ደስ አለኝ። ስም አልጻፍሁበትም። የጻፍሁት ይህን ነው፦ የአንዲት መነኩሴ የይዞታ ፋይል መጥፋቱን። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሙሉቀን በምሳ ሰዓት ብቻውን ፋይል እንደሚመዝዝ። ቅዳሜ ከደላላ ጋር እንደታየ። መሳቢያው ይፈተሽ። ኤንቨሎፕ ውስጥ ከትቼ አሸግሁት።

ጠዋት በር አጠገብ ባለው የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ጣልሁት። ሳጥኑ በየዓርቡ በአራት ሰዓት ይከፈታል፤ ሦስት ሰዎች ከፍተው ያነባሉ። ወረቀቱ ከእጄ ሲወጣ ቀለለኝ። ለአምስት ደቂቃ ያህል።

ከዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳውን አየሁት። ለምን ዛሬ? በየቀኑ አልፈዋለሁ እኮ። «የአስተያየት ሳጥን ከፋች ኮሚቴ አባላት»፤ ካለፈው ወር ጀምሮ ተቀይረዋል። ሦስተኛው ስም ሙሉቀን ነው።

ወደ መዝገብ ቤት ገባሁ።

ማስመሪያ ይዤ ተመለስሁ። በቀዳዳው አስገባሁ። ኤንቨሎፑን ነካሁት፤ ጫፉ ይሰማኛል፤ አይወጣም። ሁለተኛ ስሞክር ከኋላዬ፦

«ምነው ትርንጎ፣ ሳጥኑ ምን በላብሽ?»

አያ ደሴ ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው።

«ቀለበቴ ገብታብኝ ነው።»

ጣቴን አዩት። ቀለበቴ ጣቴ ላይ ነው።

«እንግዲህ ዓርብ ይወልዳታል» አሉና ሄዱ።

መዝገብ ቤት ገብቼ፣ «ጸ» መደርደሪያ ሥር፣ አለቀስሁ። ለማን እንደማለቅስ ሳላውቅ። ስወጣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዘግቼው የገባሁ ይመስለኛል።

ሐሙስ

በተራ ልጻፈው።

በአንድ ሰዓት ደረስሁ። አጥሩ በር ላይ ጉም ነበር፤ ሰው አይታይም። ድምፅ ግን ሰማሁ። አያ ደሴ ናቸው፤ ገና እየደረሱ ካሉት መነኩሴ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

«እንደምን አደሩ፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ?»

ቆምሁ።

ሳምንቱን ሙሉ እማሆይ ስንል ነው የከረምነው። እማሆይ ይቀመጡ፣ እማሆይ ነገ ይምጡ። ማንም ስማቸውን አልጠየቀም። ደረሰኙ ላይ አለ ብለን።

«እማሆይ፣ ስምዎ ወለተ ሥላሴ ነው?»

«ታዲያ ሌላ ምን ስም አለኝ?»

«ደረሰኙ ላይ የሽሃረግ ይላል እኮ።»

«እሷማ ሞተች እንጂ። ቆብ በደፋሁ ዕለት ፍትሐት ተፈትቶላት የለም ወይ?» ረጋ ብለው ነው የተናገሩት፤ ስለ አንዲት የሩቅ ዘመድ እንደሚያወሩ። «ደረሰኙ የእሷ ነው፤ ይዤው መጣሁ። የንስሐ አባቴ እኮ ይህንኑ ሊያስታውቁላችሁ ወረቀት ይዘው መጥተው ነበር። ዘመን አለው። አልነገሯችሁም?»

ሮጥሁ። በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ በቀሚስ፣ ኮሪደሩን ሙሉ።

«ወ»። ሦስተኛው ረድፍ። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ።

ሰማያዊ ክላሰር። ፊቱ ላይ የተለጠፈ ነጭ ወረቀት፤ «እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ ቁጥር 417»። ጽሕፈቱን አየሁት።

የእኔ ነው።

ሁሉም መጣልኝ። ክረምት ነበር፤ ሥራ በጀመርሁ በዓመቱ። አንድ ቄስ ጃንጥላቸው ውኃ እያንጠባጠበ መስኮቱ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ በሙታን ስም ቤት አታስቀምጪባት» ያሉኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ አንድ ሰው ሲመነኩስ የሙታን ጸሎት እንደሚደረስለት፣ የዓለም ስሙም ከዚያ ወዲያ እንደማይጠራ ከሌላው ሠራተኛ ሁሉ እኔ አውቃለሁ። አውቀው ወደ እኔ የመጡ መሰለኝ፤ ኮራሁ። ያመጡትን ወረቀት ቁጥር ሰጥቼ ፋይሉ ውስጥ አስገባሁ። አዲስ ስም ለጠፍሁ። ወደ «ወ» አዛወርሁ። ማውጫው ላይ ግን አልጻፍሁም። «የ» ቦታ ላይ «ወደ ‹ወ› ሂድ» የሚል ቁራጭ ወረቀት አላስቀመጥሁም። ያንን ስም መልሼ መጻፍ ከበደኝ፤ እንደ መቃብር መቆፈር ያለ ነገር መስሎ ታየኝ። ያን ጊዜ ለሴትዮዋ ክብር መስጠቴ ነበር። እንዲህ ነው የጠፋው። የሰረቀው የለም። በአክብሮት ጠፋ።

ገጾቹን ቆጠርሁ። ከ1 እስከ 23። አልጎደለም። እስከ 20 ያለውን የከበቡት ጋሼ ሙሉቀን ናቸው። ከ21 ጀምሮ እኔ።

ኃላፊው እንደገቡ ፋይሉን አሳየኋቸው። ግቢው ከዝርዝሩ ተሰረዘ፤ ዓይኔ እያየ፣ ማስመሪያ አስደግፈው በአንድ መስመር። ወጥቼ ለእማሆይ ነገርኋቸው። አልተደነቁም። ከመቁጠሪያቸው አንድ ፍሬ አሳለፉ።

«ለካስ ሌላ ቦታም ነበረው» አሉ።

ከዚያ ጋሼ ሙሉቀን ገቡ። ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የተለጠፈውን ስም ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«እኔ ነኝ ያዛወርሁት» አልኋቸው።

«አየሁት።»

«ረስቼው ነው።»

«ጥሩ» አሉ። ማውጫ መዝገቡን ገልጠው ከፊቴ አስቀመጡልኝ፤ ከ417 ጎን «ወደ ‹ወ› ተዛውሯል» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ። አሥር ዓመት ዘግይቶ።

የሳጥኑን ነገር ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። ሁለት ጊዜ። አንዱን ወደ ሳል ቀየርሁት፤ ሌላውን «ሻይ ላምጣልዎ?» ወደሚል።

«አምጪ» አሉ። አመጣሁላቸው። አመስግነው ጠጡ። ያ ምስጋና ከስድብ ሁሉ ይከፋል።

ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ነገ አራት ሰዓት።

ዓርብ

በሦስት ሰዓት ከሃምሳ ጋሼ ሙሉቀን መነጽራቸውን ጠርገው ወጡ።

እስከ አምስት ሰዓት አንድም ፋይል በትክክል አልመለስሁም። የማስበው ይህን ነበር፦ ጽሕፈቱን አያውቁትም። በግራ እጅ ነው። ስም የለበትም። ምሳ ሰዓት እንደሚመዝዙ ያየ ሌላ ሰው ማን አለ? ማንም። ቢሆንም አያ ደሴ ሊያዩ ይችላሉ። የሰው ስም በክፉ ማንሣቴ ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ በልቤ ዘበኛውን ወደ ጉድጓዱ እየገፋሁ ነበር።

ተመለሱ። ተቀመጡ። አንድ ባለጉዳይ አስተናገዱ፤ አንድ የደብረ ኤልያስ ሰው፤ ቀለዱለት እንኳን። ምሳ ሰዓት ሆነ። እሳቸው አልወጡም፤ እኔም አልወጣሁም።

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ኤንቨሎፑን አወጡ። ሁለቱን ገጾች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ።

«ሁለቱም አለ። አልጎደለም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«በግራ እጅሽ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። ጽሕፈቱ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ተማሪም አይጽፈውም እንዲህ።» ከዚያ ጣታቸውን ከወረቀቱ አናት በቀኝ በኩል አሳረፉ። «ይችን ግን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።»

1፤ በቀይ፣ ተከብቦ። በሁለተኛው ገጽ 2፤ በቀይ፣ ተከብቦ። መቼ እንደከበብሁት አላውቅም። ስም አልባ ጥቆማ ጽፌ፣ እጄን ቀይሬ፣ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ ገጽ ቆጥሬያለሁ። እንዳይጠፋ።

«ሌሎቹ አነበቡት?» አልሁ። ከይቅርታ በፊት የጠየቅሁት ይህን ነው። እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ የምናዘዝበት ቦታ የለኝም።

«ሌሎቹ ስለ ሽንት ቤቱ ውኃ የተጻፈውን ሲያነቡ ነው ወደ ኪሴ የገባው። አሥራ ሁለት ሰው ጽፏል ስለ ሽንት ቤቱ። ስለ እኔ አንድ ሰው ብቻ።»

ይቅርታ አልኋቸው። ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ተነሣሁ፤ «ተቀመጪ፤ ባለጉዳይ ቢያይሽ ጉቦ የምትለምኚኝ ይመስለዋል» አሉ። ከዚያ ቁልፋቸውን አውጥተው መሳቢያቸውን ከፈቱ። ትንሿን ደብተር ሰጡኝ።

አነበብኋት። «ሰኞ፤ ትርንጎ በሁለት ሰዓት ገባች። ለምን?» «ሰኞ፤ ከኃላፊው ጋር ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ልክ አይደለም።» «ማክሰኞ፤ የወጣች መስላ በምሳ ሰዓት ተመለሰች። ምን ረስታ?» «ረቡዕ፤ ብቻዋን አለቀሰች። የሕሊና ነገር ይመስላል።» ከሥር የተፈለጉት መደርደሪያዎች፣ ከ«ሀ» እስከ «ቀ»፣ በተራ፣ ምልክት ተደርጎባቸው። ገጾቹ በቀይ ተከብበዋል።

«እኔን ነበር የሚጠረጥሩት?»

«ማንን ልጠርጥር? ቁልፉ ሁለት ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ከወሰድሽው ከግቢ አላወጣሽውም ብዬ ነው መደርደሪያውን ያሰስሁት። አውቅሻለሁ፤ ፈሪ ነሽ። የሆነ ፊደል ውስጥ ሸጉጠሽዋል አልሁ። ሳይታወቅብሽ ባገኘው ብዬ ነው የማክሰኞውን ጾም የጾምሁት። በአንድ ሳምንት ‹ወ› አልደረስሁም እንጂ አልተሳሳትሁም፤ አንቺው ነሽ ያስቀመጥሽው።»

ሳቅን። መጀመሪያ እሳቸው፣ ከዚያ እኔ። ብዙ አልቆየም። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን።

ደብተሯን መለስሁላቸው። ሁለቱን ገጾች ወደ እኔ ገፉልኝ። «የት እንደሚመደብ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ።

ዝርዝሩ በዘጠኝ ሰዓት በር ላይ ተለጠፈ። ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ወለተ ሥላሴ የለችበትም፤ የሽሃረግም የለችበትም። እማሆይ ሊሰናበቱኝ መጡ፤ ወደ ዲማ የሚሄድ የጭነት መኪና ተገኝቷል። ግንባሬን በመቁጠሪያቸው ነክተው «ስምሽ ማነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ እሳቸውም አልጠየቁኝም ነበር። ነገርኋቸው።

አሁን ሁለቱ ገጾች እዚህ ደብተር ውስጥ ናቸው፤ በ41 እና በ42 መካከል። ልቀዳቸው አስቤ ነበር። ቁጥር ያለውን ወረቀት መቅደድ አልቻልሁም።

ስለ ደላላው አልጠየቅኋቸውም። ጥያቄው እስከ ጥርሴ ደርሶ ነበር፤ ከእንግዲህ የመጠየቅ መብት ያለኝ ስላልመሰለኝ ዋጥሁት። ምናልባት ግቢውን ማን እንደሚፈልገው ሊያጣሩ ነው የተቀመጡት። ምናልባት ሻይ ብቻ ነው። ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት በእውነት ስለ ሽንት ቤቱ ብቻ እንዳነበቡም የማውቀው ከእሳቸው አፍ ነው። እሳቸውም እኔን ሳይጠይቁኝ የቀሩት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ስንለያይ ቆም ብለው «ትርንጎ» አሉና፣ «ደህና ሰንብቺ» ብለው ሄዱ። ከ«ትርንጎ» በኋላ የመጣው ሌላ ነገር ነበር።

መሳቢያቸውን ዛሬ ሳይቆልፉ ነው የወጡት። አየሁት። አልነካሁትም። አለመንካቴን ያየልኝ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኞ እንደ ድሮው በሁለት ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ወስኛለሁ። እሳቸውም እንዲሁ እንደሚያደርጉ ተስፋ አለኝ።

የስልኬ ደወል ግን አሁንም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደተሞላ ነው። ገና አላስተካከልሁትም።